የታየ ድራማና የዳንቴል ክር

ማታ ኪሮሼን ይዤ ዱሮ ኢቲቪ ላይ የታየውን «ሰው ለሰው» ድራማ ስከፍት ቤቱ ሁሉ ይስቅብኛል። «አሁንም አስናቀ?» ይሉኛል፤ የድራማውን ተንኮለኛ ማለታቸው ነው። ሌላም ሌላም ይላሉ። እስቲ አንድ በአንድ።

«አዲስ ነገር ስላጣሽ ነው።» በጭራሽ። አዲስ ድራማ ዓይን ይፈልጋል። ማን ገባ፣ ማን ምን ደበቀ እያሉ ቀና ሲሉ ክሩ ከእጅ ያመልጣል። ለታየ ድራማ ግን ጆሮ ይበቃዋል። አስናቀን ሆኖ የሚጫወተው የአበበ ባልቻ ድምፅ ሲሰማኝ፣ ተንኮል እየተጎነጎነ እንደሆነ አንገቴን ሳላቀና አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ያስለመዳቸው የቱርክ ድራማዎችም ለእጅ ሥራ ይመቻሉ። ከሥር ጽሑፍ የሚነበብበት ፊልም ግን አይሆንም።

«ቲቪ እያዩ የተሠራ ይበላሻል።» ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። የዳንቴሉን መሃል ስጀምር ቲቪው ይዘጋል። መጀመሪያ ትንሿ ቀለበት፣ ከዚያ በየዙሩ ስንት እንደሚጨመር መቁጠር ነው። ካነሰ ጠርዙ እንደ ሲኒ ይሰበሰባል፣ ከበዛ ይሞገዳል፤ ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ይላል። ባለፈው አንድ የሠርግ ትዕይንት አዘናግቶኝ ሁለት ዙር ተርትሬያለሁ፤ ያውም አምስት ጊዜ ያየሁት ሠርግ! መሃሉ ከተስተካከለና ያው ቅርጽ መደጋገም ከጀመረ ግን እጅ ራሱ ያውቃል። ኪሮሽ ደግሞ ይቅር ባይ ነው። ብዙውን ጊዜ ክፍት ያለው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ከእጅ ቢወድቅም ያንኑ መልሶ ማንሳት ነው። በሁለት መርፌ ሹራብ የሚሠራ ሰው ግን መስመሩ በሙሉ መርፌው ላይ ነው ያለው። አንዷ ካመለጠችው ወደ ታች መተርተር ትጀምራለች። ለእሱ በጣም የታወቀ ድራማ ይምረጥ።

«ዘመን አመጣሽ ስንፍና ነው።» ይህን የሚል ሰው እናቶቻችን ሲፈትሉ አላየም። እንዝርቱ ይሾራል፣ ባዘቶው በጣት ይሳባል፣ ወሬው አይቋረጥም። ከአቦል እስከ በረካ ፈትሉ እንዝርቱ ላይ ይወፍራል። ደግሞስ የሚወራው መቼ አዲስ ነበር? ያው የጎረቤት ታሪክ ነው፣ ለሰባተኛ ጊዜ።

«የሴት ሥራ» ለሚሉ፦ ሽሮ ሜዳ ሄደው ሽመና ላይ የተቀመጡትን ወንዶች ይቁጠሩ።

«በደብዛዛ ብርሃን መሥራት ዓይን ያጠፋል።» ዓይን ያደክማል እንጂ ዘላቂ ጉዳት አያደርስም። የቲቪው ብርሃን ብቻውን ይበቃል ማለት ግን አይደለም። ጥቁር ክር በማታ ሞክሬ ኪሮሹን የማስገባበትን ቀዳዳ በጣቴ ስፈልግ አመሸሁ። አሁን ጥቁሩ ለቅዳሜ ጠዋት ነው። ማታ ማታ ነጭ ክርና አስናቀ።