ትራንስ ምንድን ነው? ፈጣን ቴክኖ ግን አይደለም

ጅማ ውስጥ የዘጠናዎቹ የዳንስ ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር፣ ጨዋታው ሂርማታ ሰፈርም ይሁን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠቃለላል። የሃዳዌይ ዘፈን ትራንስ ነው። የአይፍል 65 «ብሉ» ትራንስ ነው። የዳሩድ «ሳንድስቶርም»ም ትራንስ ነው። ከሦስቱ ስሙ የሚገባው ግን ለመጨረሻው ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከስሙ ይብሳል፦ «ትራንስ ማለት'ኮ ፈጣን ቴክኖ ነው»። ይህ ፍቺ እየተደጋገመ እውነት መስሏል። እውነት አይደለም።

ትራንስም ቴክኖም ሃውስም በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) እና በኤሌክትሮኒክ ከበሮ የሚሠሩ የዳንስ ሙዚቃ ስልቶች ናቸው። የትውልድ ሐረጉን ባጭሩ እንለፈው። ቴክኖ በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥ በጁዋን አትኪንስ፣ በዴሪክ ሜይና በኬቪን ሳውንደርሰን እጅ ቅርጽ ያዘ። ሃውስ የቺካጎ ነው። ትራንስ የመጣው ከእነሱ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጀርመን፣ በተለይም ከፍራንክፈርት ነው። እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን አለመለየትም ብዙ ከንቱ ክርክር አስነስቷል። እኛ ዘንድ ዘጠናዎቹ የሚባሉት ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. ያሉት ናቸው፤ በፈረንጅ ከመስከረም 1997 እስከ መስከረም 2007 ማለት ነው። ሃዳዌይ ታዋቂ ዘፈኑን ያወጣው በፈረንጅ 1993፣ በእኛ በ1985 ዓ.ም. ስለሆነ ከነጭራሹ ከዘመኑ ውጭ ነው። «ሳንድስቶርም» ግን በፈረንጅ 1999 ወጣ። ሆላንዳዊው የትራንስ ዲጄ ቲየስቶ በአቴንስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ አትሌቶቹ ሲሰለፉ የተጫወተውም በነሐሴ 1996 ዓ.ም. ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀበት ኦሎምፒክ። ስለዚህ ትራንስ በዓለም ጎልቶ የተሰማበት ጊዜ ከእኛ ዘጠናዎቹ ጋር በሚገባ ይገጥማል። ትዝታው ልክ ነው፤ ፍቺው ነው የተሳሳተው።

ትራንስን ትራንስ የሚያደርገው ጊዜን የሚያዋቅርበት መንገድ ነው። በደቂቃ 138 ምት የሚሄድ ሥራ እንውሰድ። አራት ምት አንድ ባር ነው፤ በዚህ ፍጥነት አንዱ ባር 1.74 ሰከንድ ይፈጃል። አዲስ ነገር የሚገባውም ሆነ የሚወጣው በ8፣ በ16 ወይም በ32 ባር ድንበር ላይ ነው። መግቢያው ብዙ ጊዜ ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) እና ሃይሃት (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) ብቻ ነው፤ ዲጄው ካለፈው ሥራ ጋር እንዲያጋጥምበት የተተወ ቦታ ነው። ቤዙ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) በአብዛኛው ከኪኩ ጋር አይወድቅም፤ በሁለት ኪኮች መሃል፣ ኪኩ ከተመታ 0.22 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይገባል። ያ የሚያራግብ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፦ ኪኩ ይወጣል። ይህ ክፍል ብሬክዳውን ይባላል። 32 ባር ከሆነ 56 ሰከንድ ያህል፣ 64 ባር ከሆነ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ያህል ሰው ያለ ከበሮ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ዜማው ለስለስ ብሎ ይጀምራል፣ ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይደረቡበታል፣ ድምፁን የሚያፍነው ፊልተር ቀስ እያለ ሲከፈት ታፍኖ የቆየው የላይኛው ድምፅ ይለቀቃል። በመጨረሻዎቹ 8 ወይም 16 ባሮች ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚጮኸው ከበሮ) መጀመሪያ በየምቱ፣ ቀጥሎ በየግማሽ ምቱ፣ ከዚያ በየሩብ ምቱ እየተጠጋጋ ይመታል። ኪኩ ሲመለስ ዜማውና ቤዙ ሙሉ ሆነው አብረውት ይገባሉ። ያ ቅጽበት ጉልበት ያገኘው ከርዝመቱ ነው፤ ጥበቃው ከተቆረጠ የሚቀረው ተራ ጩኸት ነው።

ቴክኖ እንደዚህ አይሠራም። አንድን ምት ይዞ ድምፆችን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዜማና የኮርድ ዙር አይመሩትም፣ ኪኩም ቢወጣ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመለሳል። ሃዳዌይና «ብሉ» ደግሞ ከሁለቱም አይደሉም። ግጥም አላቸው፣ አዝማች አላቸው፣ የሚሸከማቸው ድምፃዊው ነው። ዩሮዳንስ፣ ማለትም የአውሮፓ የዳንስ ፖፕ፣ ይባላሉ፤ ይህን ማለት እነሱን ማሳነስ አይደለም።

ለጅማ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ቀይ እሸት ሁለት መንገድ አለው። በጊዜው ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ ተብላልቶና ታጥቦ ከደረቀ የታጠበ ቡና ይሆናል። ከነገለባው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉን አስፈልፍሎ ከሰል እስኪመስል ቢቆሉት የታጠበ ቡና አይወጣውም፤ የጠቆረ ያልታጠበ ቡና ነው። በሙዚቃም ፍጥነት እንደ አቆላሉ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይወሰናል፣ ከፍም ዝቅም ይላል። አወቃቀሩ ግን ዝግጅቱ ነው፤ ቡናው ምጣድ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለቀ ጉዳይ። የትራንስ ድምፅ የተጨመረበት ፖፕ ዘፈንም ሁለቱን ቡና ቀላቅሎ እንደመቁላት ነው፤ ይጠጣል፣ ሊጣፍጥም ይችላል፣ «የታጠበ» ብሎ መሸጥ ግን አይቻልም። ምሳሌው የሚደክመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የደረቀ ጀንፈል ተመልሶ እሸት አይሆንም፣ ሙዚቃ ግን ይሆናል። ሪሚክስ የሚሠራ ሰው ክፍሎቹን ነጣጥሎ ከእሸቱ ይጀምራል። «ዘ ኤጅ ኦፍ ላቭ» የተባለው የትራንስ ሥራ በፈረንጅ 1990 ወጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ጃም ኤንድ ስፑን የተባሉት ጀርመናውያን በ1992 እንደገና የሠሩትን ነው።

የፍጥነት ተከራካሪው በዚህ አይረታም። «ታዲያ ሌላውን ስናፈጥነው ለምን ትራንስ ይመስላል?» ይላል። አይመስልም፤ መሞከር ይቻላል። ቴክኒክስ 1200 የሸክላ ማጫወቻ ላይ ያለው ፒች መቆጣጠሪያ እስከ 8 በመቶ ያፈጥናል። በደቂቃ 125 ምት የሆነ ሃውስ 8 በመቶ ሲጨመርበት 135 ይደርሳል፤ ይህ የታወቀ የትራንስ ፍጥነት ነው። የሚሰማው ግን የተጣደፈ ሃውስ ነው፣ ድምፁም ከአንድ ሰሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት) በላይ ወደ ላይ ቀጥኖ። ብሬክዳውን አልበቀለለትም። በተቃራኒው ፕሮግረሲቭ ትራንስ የሚባለው በ130 አካባቢ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ 145 የሚያልፍ ቴክኖም ሞልቷል። ፍጥነት መለያ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ስም መለዋወጥ ነበረባቸው። እዚህ ላይ በህንዷ ጎዋ ስለተሰየመው ጎዋ ትራንስ መናገር ያስፈልጋል፦ ቤዙ በሁለት ኪኮች መሃል ብቻ ሳይወሰን በየሩብ ምቱ ይንከባለላል፣ ብሬክዳውኑም አጠር ይላል። ስለዚህ ከላይ ያለው መግለጫ የሚገጥመው በይበልጥ የአውሮፓውን ዜማዊ ትራንስ ነው።

ሌላው ስህተት ስልቱን በአንድ ድምፅ መለየት ነው፤ ያ ሰፊና የሚያንጸባርቅ የሲንተሳይዘር ድምፅ፣ ሱፐርሶ። ሱፐርሶ በፈረንጅ 1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሮላንድ ጄፒ-8000 ከተባለው ሲንተሳይዘር ጋር የመጣ ነው። የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያላቸው ሰባት ሞገዶች አንድ ኖታ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ስድስቱ ከእሱ በጥቂቱ ወጣ ገባ ብለው የተቃኙ። ወጣ ገባው ካነሰ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከበዛ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። ግን ጀርመናዊው የትራንስ ዲጄ ፖል ቫን ዳይክ «ፎር አን ኤንጅል»ን መጀመሪያ ያወጣው በፈረንጅ 1994 ነው፤ መሣሪያው ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ድምፁ ከሌለ ትራንስ አይሆንም የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ስህተቱ ለምን እንደተስፋፋ መገመት አይከብድም። አብዛኛው ሰው ይህን ሙዚቃ የያዘው ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ላይ አስጭኖ ነው፤ የተጫነለትም ብዙ ጊዜ ለሬዲዮ የተቆረጠው ቅጂ ነው። ሬዲዮ ኤዲት ከአራት ደቂቃ በታች ነው፤ መግቢያውን ይጥላል፣ ብሬክዳውኑን ያሳጥራል። ሙሉው ሥራ በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ደቂቃ ይሆናል፤ ፋይሉ ላይ «ኤክስቴንድድ ሚክስ» ወይም «ኦሪጅናል ሚክስ» የሚል ይፈለግ። በ64 ኪሎቢት የተጨመቀ ፋይልም አይረዳም፤ ሃይሃቱ ይንሾካሾካል፣ ብሬክዳውኑን የሚያሰፋው የማስተጋባት ጭራ ይበላሻል። የስልክ ስፒከር ደግሞ ኪኩንና የቤዙን ታች ከነጭራሹ አያወጣም፤ ቤዙ በኪኮቹ መሃል መግባቱ የማይሰማ ከሆነ በእርግጥም የሚቀረው ዜማና ጥድፊያ ነው።

አዳራሽ ውስጥ የሚያጫውት ሰውም ችግሩ አያልፈውም። ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ድምፁ ሳይጠፋ ሁለት ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፤ ኪክና ቤዝ ግን 0.22 ሰከንድ ብቻ ነው የሚራራቁት። ክፍተቱ ይሞላና ሁሉም ነገር ጉርምርምታ ይሆናል። ያኔ ቤዝ መጨመር ያባብሰዋል። የታችኛውን ድምፅ ቀነስ ማድረግ፣ ስፒከሮቹን ከማዕዘን ማራቅና ወደ ሰው ማዞር፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ መስቀል ይሻላል፤ መጋረጃው ግን የሚውጠው የላይኛውን ድምፅ ነው እንጂ ቤዙን አይደለም።

ከትራንስ ወደ ጭክጭካ መሸጋገርም አለ። ጭክጭካ ባለ 6/8 ነው፤ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። የትራንስ ምት ለአራት ይከፈላል። ሶፍትዌሩ የሁለቱን ፍጥነት አስተካክያለሁ ቢልም ሃይሃቱና ከበሮው ይጋጫሉ፣ ጨፋሪውም እግሩን ያጣል። ብሬክዳውኑ ላይ መውጣት ደግሞ ሰው የጠበቀውን መንጠቅ ነው። ኪኩ ተመልሶ ዜማው ይጨርስ፣ መውጫው ይጠበቅ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ 32 ባር ከበሮ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻዎቹ 8 ባሮች የሃይሃቱን ድምፅ በኢኩዌላይዘር መቀነስ፣ ከዚያም ሁለቱን ለማዳበል ሳይሞክሩ በ33ኛው ባር የመጀመሪያ ምት ላይ ትራንሱን ዘግቶ ጭክጭካውን መልቀቅ ነው።