የዓሣ ነባሪ አደን «እገዳ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። ዓሣ ነባሪ ማደን ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው ዓለም ተከልክሏል አለ። ያስከለከሉት ዝነኞች ናቸው አለ። ጃፓን ግን ዛሬም ክልከላውን እየጣሰች ነው አለ። በመጨረሻ የእኛ አርቲስቶችስ ለጣና ለምን እንደዚያ አያደርጉም ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነው። ከጥያቄው በፊት የተናገራቸው ሦስቱም ነገሮች ግን ልክ አይደሉም። ይህን ነገር ስሰማው ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ሥራዬ ዓሣ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ የጣናን ዓሣ ስመዝንና ስቆጥር ዓመታት አልፈዋል። ዓሣ ነባሪ ምን እንደሆነ አላስረዳም። የማስረዳት አንዲት ቃል አለችኝ፤ እገዳ። ሞራቶሪየም የሚሉት ነው።

ክልከላ «አይቻልም» ነው። እገዳ «ለጊዜው ይቆይ» ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1946 ዋሽንግተን ላይ አንድ ስምምነት ተፈረመ። የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የተወለደው ከዚያ ነው። የስምምነቱ መግቢያ ዓላማውን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ተጠብቀው የአደኑ ኢንዱስትሪ ሥርዓት ይዞ እንዲያድግ ነው የሚለው። የፈረሙት አዳኝ አገሮች ነበሩ። ከስምምነቱ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ተያይዟል። የትኛው ዓይነት፣ በየትኛው ባሕር፣ ስንት ይታደን የሚል። በ1982 ኮሚሽኑ ድምፅ ሰጠ። 25 ደገፉ፣ 7 ተቃወሙ፣ 5 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ለንግድ የሚታደነው ቁጥር ከ1985/86 የአደን ወቅት ጀምሮ ዜሮ ይሁን ተባለ። ያው አንቀጽ ግን ይቀጥላል። ቢዘገይ እስከ 1990 ጉዳዩ እንደገና ይጠና፣ ሌላ ቁጥር መተካትም ይታይ ይላል።

እገዳው ይህ ነው። በሰንጠረዥ ላይ የተጻፈ ዜሮ።

የገጠር ጎጃም ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ክረምት ሲገባ መንደሩ ተሰብስቦ ከወል ግጦሹ አንዱን ወገን ይከልላል። ሣሩ እስኪደርስ ከብት አይግባበት ይባላል። ጠባቂ ይቆማል። ሲደርስ ይታጨዳል ወይም ይከፈታል። ሜዳውን ለዘላለም እንዝጋው ያለ ሰው ግን የለም።

አሁን በስብሰባው መሀል አንዱ ተነሥቶ «እኔ አልተስማማሁም» አለ እንበል። በእኛ አገር ሽማግሌ ይገሥጸዋል። እምቢ ብሎ ከብቱን ከለቀቀ ይቀጣል። በኮሚሽኑ ደንብ ግን ሰውዬው መብት አለው። በ90 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ያስገባ መንግሥት በውሳኔው አይታሰርም። ይህን የሚፈቅደው ስምምነቱ ራሱ ነው። ኖርዌይ ተቃውሞዋን አስመዘገበች፣ በ1993 ወደ ንግድ አደን ተመለሰች። አይስላንድ በ1992 ከኮሚሽኑ ወጣች። በ2002 ስትመለስ በእገዳው እንደማትገዛ አስመዝግባ ገባች። እኔ ይህን አሠራር አልወደውም። ግን ሕግ ጣሱ ማለት አልችልም።

ሌላው ሰው ደግሞ «እኔ የማጭደው ለመድኃኒት ነው» ይላል። ይህ ጃፓን ናት። መጀመሪያ ተቃውማ ነበር። ተቃውሞዋን የተወችው ግን በዘፈን ወይም በሰልፍ አይደለም። በአሜሪካ ባሕር የነበራትን የዓሣ ማጥመድ ኮታ እንደምታጣ አሜሪካ ስላስጠነቀቀቻት ነው። ከዚያ ስምምነቱ ለሳይንሳዊ ምርምር አደን ስለሚፈቅድ በዚያ በር ገባች። አውስትራሊያ ከሰሰቻት። በመጋቢት 2014 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ጃፓን በአንታርክቲክ የምታካሂደው ፕሮግራም ለሳይንሳዊ ምርምር የሚደረግ አይደለም ብሎ 12 ለ4 ፈረደ። በሰኔ 2019 ጃፓን ከኮሚሽኑ ጨርሳ ወጣች። ዛሬ በራሷ ባሕር ለንግድ ታድናለች። ከመንደሩ የወጣ ሰው የመንደሩን ውሳኔ ጣሰ አይባልም። «ጃፓን ክልከላውን እየጣሰች ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል የሚወድቀው ለዚህ ነው። ክልከላ አልነበረም። እሷም አባል አይደለችም።

መንደሩ ራሱ ፈቅዶ የሚያስገባትም አለች። አንዲት ላም ብቻ ያላት ባልቴት። የአላስካ፣ የግሪንላንድና የሩሲያዋ ቹኮትካ ነባር ሕዝቦች ለምግባቸው እንዲያድኑ ኮሚሽኑ ኮታ ይሰጣቸዋል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የጣናዎቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። በጉማሬ አደን የሚታወቁ ነበሩ። ያ ኑሮ ዛሬ የለም። አንድ ነገር ሲዘጋ ማን ከምን እንደሚነቀል ማስላት የእኛም ሥራ መሆን አለበት።

ፍየሎቹም ይቀራሉ። መንደሩ የከለከለው ከብት ነው፣ ስለ ፍየል አልተነጋገረም። ኮሚሽኑ ቁጥር የሚያወጣው ለትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ነው። ዶልፊኖችና ሌሎች ትንንሾች በሰንጠረዡ ውስጥ የሉም። በ2007 አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሄይደን ፓኔቲየር ጃፓን ታይጂ ድረስ ሄዳ፣ ውሃ ውስጥ ገብታ የተቃወመችው የዶልፊን አደን ነበር። ድፍረቷን አከብራለሁ። የተቃወመችው ነገር ግን እገዳው የማይነካው ነበር። ዜናውን ከእገዳው ጋር ያገናኙት ብዙዎች ናቸው።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ሣር በአንድ ክረምት ይደርሳል። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ነው የምትወልደው። ሜዳ አንድ ነው፣ ዓሣ ነባሪ ግን ብዙ ዓይነት ነው። «ዓሣ ነባሪ አገገመ ወይ?» የሚለኝን ሰው የትኛው፣ የት ብዬ እጠይቀዋለሁ። በምሥራቅ አውስትራሊያ በኩል የሚያልፈው ሃምፕባክ የሚባለው በደንብ አገግሟል። በሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ግን ከ400 በታች ነው የቀረው። እሱን ዛሬ የሚገድሉት መርከብና የማጥመጃ ገመድ ናቸው። የአደን እገዳ ለእነዚህ አይደርስም።

ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተከፈተም? ሳይንቲስቶች የመክፈቻውን ስሌት ሠርተው ነበር። በ1994 ኮሚሽኑ ተቀበለው። ሥራ ላይ አልዋለም። ሰንጠረዡን ለመቀየር የሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ግማሹ መንደር ከብቱን ሸጦ ሜዳውን ለውበቱ የሚወድ ሆኖ ነበር። ወደብ የሌላቸው አገሮች ሳይቀሩ ድምፅ ይሰጣሉ። ስዊዘርላንድ፣ ሞንጎሊያ፣ ማሊ አባላት ናቸው። አደኑን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ወገን ድምፅ ሲያሰባስብ ኖሯል። «ለጊዜው ይቆይ» የተባለው አርባ ዓመት የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝነኞቹስ ምንም አላደረጉም? አድርገዋል። በ1970 የሃምፕባክ ዝማሬ በሸክላ ሲወጣ ሰዎች ዓሣ ነባሪን ከሥጋና ከዘይት ውጪ ማሰብ ጀመሩ። በ1975 ግሪንፒስ የሚባለው የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ጀልባዎች በሶቪየት አዳኝ መርከቦች ፊት ቆሙ። ዝና ያለው ሰው ካሜራ ያመጣል፣ ገንዘብ ያመጣል። ሚኒስትር ስልክ እንዲያነሣ ያደርጋል። ድምፅ የሚሰጠው ግን መንግሥት ነው።

በ2023 የሆነውን ተመልከቱ። የአይስላንድ መንግሥት አደኑን ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አቆመ። እነ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ያሉበት የፊልም ሰዎች ስብስብ፣ አደኑ ከቀጠለ አይስላንድ ሄደን ፊልም አንሠራም የሚል ደብዳቤ ፈረመ። ብዙ ሰው በዚያ ሳምንት «ክልከላው ጸና» ብሎ ጻፈ። መስከረም ሲገባ አደኑ በጠበቀ ደንብ ተፈቀደ። በዚያ ወር ፊን ዌል የሚባሉ 24 ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። ደብዳቤውን ከንቱ አልለውም፤ የአይስላንድ መንግሥት ገበያውንና ስሙን እንዲያስብ አድርጎታል። ነገር ግን ቃሉን የተሳሳተ ሰው ቶሎ ይደሰታል፣ ቶሎም ተስፋ ይቆርጣል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ወደ ጣና ልመለስ። በ1986፣ እገዳው በጀመረበት ሰሞን፣ ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ብዙ ቤተሰብም ኖሮበታል። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ግን የነጭ ዓሣው ምርት በክብደት በ75 በመቶ ወረደ። ነጭ ዓሣ ስል ላቢዮባርበስ የሚባለውን ነው። ከዓይነቶቹ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ክረምት ሲያበቃ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። የቆሮሶና የአምባዛ ጉዳት ይለያል፤ ስለ «ጣና ዓሣ» በጅምላ የሚናገር ሰው ይህን ይያዝልኝ።

ስለዚህ ለተንታኙ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው። ጣና መከልከል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እገዳ ነው። የተወሰነ ዓሣ፣ የተወሰነ ቦታ፣ የተወሰኑ ወራት። አርቲስቶቻችን እምቦጭ ሲነቀል መጥተው እጃቸውን ጭቃ ውስጥ ከተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ አንበላም ቢሉ፣ ምክንያቱንም በትክክል ቢናገሩ፣ ከዘመቻ በላይ ይጠቅማል።

ባለፈው ነሐሴ ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ከአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ጋር ተቀምጬ ይህንኑ አወራሁ። «ጋሼ፣ ሁለት ወር መረብዎን ቢያወጡስ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ታንኳቸውን አዩ። «አወጣለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያኛውም ካወጣ።» በእጃቸው ወዲያ ማዶ ያለውን ሌላ ታንኳ አሳዩኝ። ተነሥቼ ወደዚያኛው ሄድኩ። እሱም መልሶ ወደ እሳቸው ጠቆመኝ።