«ቤዝ ጨምርበት» እና ሌሎች ጆሮ ያሰለቹ ምክሮች

ጅማ ውስጥ አዲስ ቢት (በላፕቶፕ የተሠራ የዘፈን ቅንብር) የሚፈተነው ባጃጅ ላይ ነው። ልጁ ላፕቶፑ ላይ የሠራውን በፍላሽ ይገለብጣል፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚሄድ ባጃጅ ይሳፈርና ሹፌሩን «እስቲ ይቺን ክፈታት» ይለዋል። ኪኩ (ዱም የሚለው የከበሮ ምት) የለም፣ ቤዙ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) የለም፣ ሃይሃቱ (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) ብቻ ጆሮ ይበሳል። ጓደኛው ወዲያው ይፈርዳል፦ «ቤዝ አንሷታል፣ ጨምርባት።» ማታ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨመራል። በነጋታው ባጃጁ ውስጥ ቤዙ ያው ነው፤ ዘፋኙ ግን ወደ ኋላ ሸሽቷል። ይህ ምክር ያበላሸው ቢት ብዙ ነውና ከእሱ እንጀምር።

«ቤዙ ካልተሰማ ጨምሩበት»

የለም። በላፕቶፕ በሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ደካማ የሚመስለው ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ የበዛ ቤዝ ነው። 6 ዴሲቤል መጨመር የሞገዱን ከፍታ እጥፍ ማድረግ ነው። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ የሚያልፍበት የመጨረሻው ትራክ) ላይ ያስቀመጣችሁት ሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚጫን መሣሪያ) ደግሞ ጣሪያ አለው። ቤዙ ያንን ጣሪያ በነካ ቁጥር ሊሚተሩ ቤዙን ብቻ ለይቶ አይጫንም፤ ሲንቱንም (በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጠረውን ድምፅ)፣ ዘፋኙንም፣ ኪኩን ራሱንም አብሮ ይጫናል። ዘፋኙ የሸሸው በዚህ ነው።

ባጃጁ ውስጥ ያልተሰማበት ምክንያት ሌላ ነው። የቤዝ መስመራችሁ ዝቅተኛዋ ሚ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ናት። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ አያወጣም፤ የባጃጅ ትንሽ ስፒከርም ቢሆን 41ን አያውቃትም። በእነዚህ ላይ ቤዝ የሚሰማው በብዜቶቹ (በ41 እጥፎች) ነው፦ 82፣ 123፣ 164፣ 205 እያሉ ወደ ላይ በሚወጡት። ጆሮ እነዚህን ሲያገኝ የጎደለችውን 41 ራሱ ይሞላታል። ንጹህ ሳይን ሞገድ ግን ብዜት የለውም፤ 20 ዴሲቤል ብትጨምሩበትም በስልክ ዜሮ ነው። መፍትሔው ቤዙን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። አንደኛው ሳይን ሆኖ ከ100 ኸርዝ በታች ብቻ ይቅር፣ ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት) ይሁን። ሁለተኛውን ቅጂ ከ100 በታች ቁረጡና ሳቹሬሽን ወይም ኦቨርድራይቭ (ድምፁን አሻክረው ብዜት የሚጨምሩ መሣሪያዎች) አድርጉበት፤ በስልክ ስፒከር የቤዙ ዜማ ተለይቶ እስኪሰማ ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ይሆናል።

ቀጥሎ ኪኩ። ኪክና ቤዝ ከ40 እስከ 100 ኸርዝ ያለችውን ጠባብ ክፍል ይሻማሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመቱ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሳይድቼይን (ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙን ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ) የሚጠቅመው እዚህ ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ ሚክሰሩን ከፍታችሁ የኪኩን ትራክ ምረጡ፣ በቤዙ ትራክ ግርጌ ያለችውን ቀስት በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሳይድቼይን» የሚለውን ውሰዱ። ቤዙ ላይ ፍሩቲ ሊሚተርን ጫኑ፣ ወደ ኮምፕረሰሩ ገጽ ግቡ፣ የሳይድቼይን ቁጥሩን 1 አድርጉ። ሬሾ (የመጫኑ ብርታት) 4 ለ 1፣ አታክ (መጫን እስኪጀምር ያለው ጊዜ) በጣም አጭር፣ ሪሊዝ (ድምፁ እስኪመለስ ያለው ጊዜ) 150 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፤ ትሬሾልዱን (መጫን የሚጀምርበትን ደረጃ) ቤዙ በእያንዳንዱ ኪክ 5 ወይም 6 ዴሲቤል እስኪወርድ አውርዱት። ለምን 150? በ124 ቢፒኤም (በደቂቃ 124 ምት) ከኪክ እስከ ኪክ 484 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሪሊዙ 450 ከሆነ ቤዙ ሳይመለስ ሁለተኛው ኪክ ይደርሳል። ያኔ ደግሞ «ቤዙ አነሰ» ብላችሁ ልትጨምሩ ነው።

ሦስተኛው ጥፋተኛ ክፍሉ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ ግድግዳው ጥግ ቤዙ ያብጣል፣ መሃል ላይ ደግሞ ያቺ ድምፅ ትጠፋለች። ወንበሩን መሃል ያስቀመጠ ሰው ቤዝ ስለማይሰማ ይጨምራል፤ ጎረቤቱ በግድግዳው በኩል ይንቀጠቀጣል። ከፊት ግድግዳው የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ፤ ለ3 ሜትር 1.15 ሜትር ገደማ። ከዚያ ሁሉንም ፌደር (የትራኮቹን ድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) አውርዱ፣ ኪኩን ብቻ −10 ዴሲቤል ላይ አቁሙ፣ ቤዙን ከሱ ሥር አምጡ፣ ቀሪውን በላያቸው ገንቡ። ከኪክና ከቤዝ ውጪ ያለውን ሁሉ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ በታች ቁረጡ። ክራርም ቢሆን፤ ማይኩ ከክራሩ ጋር የእጅ ምት ይቀዳል።

«የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ከለጠፍን ስቱዲዮ ሆነ»

የ57 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 6 ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ካርቶን ምን ያደርገዋል? የላይኛውን ድምፅ ጥቂት ያደበዝዛል፣ በደንብም ይቃጠላል። ከውጭ የሚገባ ድምፅ አያስቆምም፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያዋጣው እስኪያባራ መጠበቅ ብቻ ነው። ድምፃዊ ለመቅዳት የተሻለው ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ነው፣ የሚሰቀለውም ከዘፋኙ ጀርባ። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል፤ ካርዲዮይድ ማይክ ግን የሚሰማው ከፊቱ ነው፣ ከፊቱ ያለው ደግሞ ዘፋኙና ከኋላው ያለው ግድግዳ። ከአፍ እስከ ማይክ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

«ማስተሪንግ ላይ ይስተካከላል»

ማስተሪንግ (ተቀላቅሎ ባለቀ ፋይል ላይ የሚሠራ የመጨረሻ ማስተካከያ) ላይ ኪኩን ከቤዙ በንጽህና መለየት ከባድ ነው።

«ጮክ ያለ ፋይል ዩቲዩብ ላይም ይጮሃል»

ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) በላይ የመጣውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። የሚቀርላችሁ የተጨፈለቀ ኪክ ነው።

«ከዩቲዩብ የወረደ ሳምፕል (ቁራጭ ድምፅ) ወደ 320 ኪሎቢት ሲቀየር ጥራቱ ይመለሳል»

የተጣለ አይመለስም። ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

«የእኛ ምትና ቅኝት ለሃውስ አይሆንም»

ሃውስ በአራት እኩል ኪክ የሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ አይሆንም የሚለው ግሪዱን (ምቶቹ የሚቀመጡበትን የመስመር ሰንጠረዥ) ያልነካ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ባሩ (የአራት ምት ክፍሉ) 16 ቦታ ተከፍሎ ይመጣል፤ ችክችካ ግን በ3 ይከፈላል። ግሪዱን ወደ ትሪፕሌት (እያንዳንዱ ምት በ3 ወደሚከፈልበት) ቀይሩ፦ በአንድ ባር 12 ቦታ ይሆናል። አራቱ ኪኮች 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ይቀመጡ፤ የሃውስ ኪክ እንደሆነ ይቀራል። ከበሮውና ጭብጨባው በመካከላቸው ባሉት ቦታዎች ይጫወቱ።

ቅኝቱን የሚያበላሸው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ፓክ ነው። በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጂ ፋ እና ሲ የሉም። ከእነዚህ አምስት ድምፆች የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ሌላ ኮርድ ስታስገቡ ዘፋኙ «አልተመቸኝም» የሚላችሁ ስለ ፈሊጥ አይደለም፤ ቅኝቱ ውስጥ የሌለች ድምፅ ስለሰማ ነው። ከኮርድ ይልቅ አንድ የማይንቀሳቀስ ቤዝ በዶ ወይም በላ ይዛችሁ ሲንቱን በላዩ አንቀሳቅሱ።

«ሁሉንም ቪዲዮ ካየሁ በኋላ እጀምራለሁ»

ዳታው ያልቃል፣ ቢቱ አይጀመርም። የኤብልተን (የሙዚቃ ፕሮግራም አምራች) «ለርኒንግ ሚዩዚክ» እና «ለርኒንግ ሲንትስ» ገጾች ነፃ ናቸው፣ ሳይጫኑ ብሮውዘር ላይ ይሠራሉ። ለሲንት ቫይታል ነፃ ቅጂ አለው፣ ሰርጅ ኤክስቲ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ከዚያ የምትወዱትን አንድ የሃውስ ዘፈን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ፣ ቢፒኤሙን አስተካክሉ፣ በየ8 ባሩ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ጻፉ። በ124 ቢፒኤም 8 ባር 15 ሰከንድ ተኩል ነው፤ ለውጡ እዚያው ድንበር ላይ ሲደጋገም ታገኙታላችሁ።

ኤፍ ኤልን በሙከራ ቅጂ የምትጠቀሙ አንድ ነገር እወቁ፦ ሴቭ ያደርጋል፣ ካልገዛችሁት ግን መልሶ አይከፍትላችሁም። ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን የሚክሰር ትራክ ለየብቻ በዌቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አውጡ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተና መብራት ከሄደ ይህንንም አታደርሱትም፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ኤልኤምኤምኤስን (ሌላ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም) ይጫን፣ ነፃ ነው፣ ያስቀመጡትን መልሶ ይከፍታል።