«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፦ ለመሆኑ ማን አስቦካው?

ይህ ተረት ካዛንቺስ ከደረሰ ወዲህ ጠባዩ ተበላሽቷል። ስብሰባ ላይ አንድ አለቃ ወጣት ሠራተኛ ያዘጋጀውን ሪፖርት ገለጥ ገለጥ ያደርግና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ» ይላል። የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ። ሰሞኑን ደግሞ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ፣ ጎኔ የተቀመጡ ሰዎች ለእግር ኳስ ሲያውሉት ሰማሁ። አሰልጣኙ ታዳጊ አጥቂ አስገብቶ ተሸንፎ ነው መሰለኝ።

ሁሉም ጋ መልእክቱ አንድ ነው፤ ልጅ አይችልም። እኔ ያደግኩት ሊጥ በሚቦካበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ይህ ተረት ልጅን ለማሳነስ ሲነገር አልሰማሁም።

አገሬ ምንጃር ነው፣ የጤፍ አገር። የእናቴ ቡሃቃ ጓዳ ውስጥ ከጎታው ሥር ነበር የሚቀመጠው። ሙልጭ ተደርጎ አይታጠብም፤ ከሥሩ የሚቀረው ያለፈው ሊጥ ለሚቀጥለው እርሾ ይሆናል። ዱቄቱን በቅል ትሰፍራለች፣ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ክንዷ እስከ ክርኗ ይገባል። እያሸች ታወራለች፣ እያወራች ታዛለች፤ ዓይኗ ግን ከሊጡ አይነሳም። ጓል የሚባል ነገር ካገኘች እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው።

ሊጡ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ክረምት ላይ ብርዱ ስለሚይዘው ይዘገያል። ሲደርስ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። እናቴ እሱን ትደፋና ከሊጡ ትንሽ ቀንሳ በፈላ ውሃ አብሲት ትጥላለች። አብሲቱ በረድ ሲል ተመልሶ ይቀላቀላል። ትንሽ ቆይቶ ሊጡ ኩፍ ይላል። ኩፍ ካለ በኋላ ቀልድ የለም፤ ጎረቤት ቡና ቢጠራም አትሄድም።

ምጣዱ ሲሰማ የተወቀጠ ጎመን ዘር በተን ታደርግና በማሰሻ ታብሰዋለች። የዚያ ጭስ ሽታ ዛሬም በየትኛውም ሰፈር ሳልፍ ያስቆመኛል። ከዳር ጀምራ እየዞረች ወደ መሀል ታፈሳለች፤ ዓይን ሲያወጣ በአክምባሎ ትከድናለች። እኛ ልጆች እሳቱ ዳር የምንጠብቀው የመጨረሻዋን ነው። ቡሃቃው ጥግ የቀረችው ሊጥ ትንሽ እንጎቻ ሆና ትወጣለች። ቅቤና በርበሬ ትቀባና ገና እየተነነች እጃችን ላይ ትገባለች። ጣታችን እየተቃጠለ እንቀባበላታለን እንጂ እስክትበርድ የሚታገስ አልነበረም።

ይህንን ሁሉ የማወራው ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። ተረቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የጤፍ ሊጥ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ አይጋገርም። ማክሰኞ የምታቦካ ሴት ሐሙስ ማታ ስንት ሰው እንደሚበላ ማክሰኞ መገመት አለባት። ጭንቁ እሱ ነው። ማቡካቱንማ ልጅም ይችላል፤ የገጠር ሴት ልጅ ገና ቁመቷ ከቡሃቃው ሳይርቅ ታቦካለች።

ደግሞስ ለምን ምሳ አላለም? ቀን ላይ እረኛው ሜዳ ነው፤ የአራሹ ምሳ ማሳ ድረስ ይሄድለታል። የቆሎ ተማሪ ቢመጣ እንኳ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሹን ተቀብሎ ያልፋል። ማታ ግን ሁሉም ይሰበሰባል። የመሸበት መንገደኛም የሚመጣው ያኔ ነው። አባቴ ከብቶቹን ካስገባ በኋላ ደጅ ቆሞ መንገዱን የማየት ልማድ ነበረው። «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ማንነቱን ሳይጠይቅ «ይግቡ» ይላል። ይህን የሚለው ጓዳ ያለችው እናቴ እንድትሰማ ጮክ ብሎ ነው። እንግዳው እግሩን ታጥቦ ገበታ ይቀርባል።

በኔ ግምት ተረቱ የተወለደው ከዚህ የማታ ገበታ ነው። ልጅ የሚያቦካው የሚያየውን ሰው ቆጥሮ ነው። አዋቂ ገና ያልመጣውንም ይቆጥራል።

አንድ ጊዜ እናቴ ራቅ ያለ አገር ለቅሶ ሄደች። ታላቅ እህቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ሊጡን እሷ አቦካች። አቦካኳ እንከን አልነበረውም። እንጀራው ዓይኑ ያማረ፣ ከምጣዱ ሳይይዝ የሚነሳ ሆኖ ወጣ። ማታ እናቴ ስትመለስ ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ ሊያጽናኗት አብረዋት የመጡ ዘመዶች ከነበቅሏቸው ደጁን ሞሉት። መሶቡ ሲከፈት እናቴ ፈገግ ብላ ተረቱን ተረተች። እህቴ አቀረቀረች። አባቴ ነው ያነሳላት፦ «እሷማ ያየችውን ሰው ቆጥራ ነው ያቦካችው። ሰው እንደሚመጣ እያወቅኩ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።» አባቴ ጥፋት ቶሎ የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ያልረሳሁትም ለዚህ ይሆናል። እናቴ ወዲያው እርሾ የማይጠብቀውን ቂጣ ጋገረች፤ እንግዳውም በላ። በማግስቱ እህቴን ጓዳ አስገብታ «ቤት ያለውን ቆጥረሽ ስትጨርሺ አንድ ቅል ጨምሪበት፤ እሱ የመንገደኛ ነው» አለቻት።

አንድ ወዳጄ ግን ተረቱ ከቤተ መንግሥት ወጣ ብሎ ይከራከረኛል። በ2012 ዓ.ም. አራት ኪሎ አንድነት ፓርክ ሲከፈት የምኒልክን የግብር አዳራሽ ጎብኝቶ መጣና፣ «ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ ሊጥ ለልጅ ይሰጣል? ተረቱ የተተረተው እዚህ ነው» አለኝ። ደስ ይላል፤ ግን አልቀበለውም። ግቢው ራሱን የቻለ እንጀራ ቤት ነበረው፤ ለግብር ስንት ሰው እንደሚቀመጥም አስቀድሞ የሚያስብ አዛዥ ነበር። እንዲህ ያለ ተረት የሚወጣው ሰው ሳይታሰብ ከሚመጣበት ቤት ነው።

አሁን መሀል አዲስ አበባ እንጀራ በቁጥር ይገዛል፤ አምስት፣ ስድስት፣ በፌስታል። እንግዳ ደውሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙውን ጊዜማ ቤትም አይመጣም፣ ካፌ እንገናኝ ይላል። ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» የሚል ሰው ቢመጣ ጥበቃ ነው የምንጠራው። አልፈርድም፣ እኔም እጠራለሁ። ግን ያንን እንግዳ ከተረቱ ስናስወጣው የቀረው ልጁ ብቻ ሆነ፤ ዱላውም እሱ ላይ አረፈ።

ስለዚህ እባካችሁ አለቆች። ለልጁ «ሐሙስ አድርስልኝ» ብላችሁ ስትልኩት ሪፖርቱን እነማን እንደሚያነቡት ነገራችሁት? ዳይሬክተሩ ሊጠይቅ የሚችለውን አስቀድማችሁ አሳያችሁት? ካላሳያችሁት ተረቱ የሚመለከተው አስቦኪውን ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ካላችሁ ደግሞ «ሪፖርቱ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፣ እነሱም እነዚህ ናቸው» በሉት። ይህም አማርኛ ነው፤ ልጁም ይገባዋል።