የሻገተው እንጀራና የተማለው መሐላ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ አንድ ወንድማችን ቤት ለጥናት ተሰብስበን ነበር። ዘዳግም 7 ላይ ስንደርስ አንዲት እህት መጽሐፍ ቅዱሷን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው።

«ግራ ገብቶኛል» አለች። «እዚህ ቃል ኪዳን አታድርግ ይላል። አብርሃም ግን ከጌራራው ንጉሥ ከአቢሜሌክ ጋር ተማምሏል። ጳውሎስ ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ ይላል፤ ሮሜ ላይ ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይላል። እኔ ታዲያ ከሰፈሬ ዕድር ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

ዕድሩ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። አምና እናቷ ስታርፍ ድንኳን የተከሉት፣ ንፍሮ የቀቀሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቶሎ መልስ ለመስጠት የደፈረ አልነበረም።

ከዘዳግም ጀመርን። ምዕራፍ 7 የሚናገረው ስለ ሰባቱ የከነዓን ሕዝቦች ነው። ምክንያቱም እዚያው አለ፦ ልጆችህን ወደ ሌሎች አማልክት ያዞሯቸዋል። ያው መጽሐፍ ምዕራፍ 20 ላይ ሩቅ ያለችን ከተማ በቅድሚያ በሰላም ቃል ጥሯት ይላል። የአብርሃምና የአቢሜሌክ ጉዳይ ደግሞ የውኃ ጉድጓድ ነበር። ሰባት ቄብ በጎች ተሰጡ፣ ተማማሉ፣ ቦታው ቤርሳቤህ ተባለ። አብርሃም ለማንም ጣዖት አልሰገደም።

የይሁዳው ንጉሥ አሳ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊው ዝሪ ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ሲመጣበት ወደ እግዚአብሔር ጮኾ አሸንፏል። በስተርጅና ግን ከእግዚአብሔር ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያው ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ። ነቢዩ አናኒ የወቀሰው በሶርያ ንጉሥ ታምነሃልና ብሎ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። መተማመኛችን ቀስ እያለ ሳናውቀው ቦታ ይቀይራል።

አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብን ኢያሱ 9 ነው። የገባዖን ሰዎች እዚያው ከነዓን ውስጥ እየኖሩ፣ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ቃል ኪዳን ሊጠይቁ ያረጀ ስልቻ በአህያ ጭነው፣ የተጠቃቀመ ጫማ አድርገው መጡ። ስንቃቸውም የደረቀና የሻገተ እንጀራ ነበር። ከቤት ስንወጣ ትኩስ ነበር አሉ። መቼም እንጀራ እንዲሻግት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በሐዋሳ ሙቀት መሶብ ውስጥ የተረሳ እንጀራ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ሲከፈት ነጥብ ነጥብ አውጥቶ ይገኛል። የእስራኤል አለቆች ግን ስንቁን ዓይተው አመኑ፤ ማሉላቸውም። እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው መሆናቸው ታወቀ።

እኔ ብሆን ተታለልኩ፣ ውሉ ፈርሷል እል ነበር። ሕዝቡም አጉረመረመ። አለቆቹ ግን በእግዚአብሔር ስም ምለናል፣ ልንነካቸው አንችልም አሉ። እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ አደረጓቸው። ብዙም ሳይቆይ አምስት ነገሥታት ገባዖንን ሲከቡ ኢያሱ ከጌልገላ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ደረሰላቸው። ለአታላዮች! ከብዙ ዘመን በኋላ ንጉሥ ሳኦል ያንን መሐላ ጥሶ ገባዖናውያንን ገደለ። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረሀብ ሆነ። ምክንያቱን ዳዊት ሲጠይቅ የተነገረው የገባዖናውያን ደም ነው።

ከዚያ ወደ ጳውሎስ ቃል ተመለስን። አንድ በገበሬ ቤት ያደገ ወንድም «መጠመድ ማለት እኮ ቀንበር ነው» አለ። «የተጠመደ በሬ ብቻውን መዞር አይችልም። ጓደኛው በዞረበት ይዞራል።» ዘዳግም 22 ላይ በሬና አህያን ጠምደህ አትረስ የሚለውን አስታወሰን። እህታችንም ትንሽ አሰበችና «ዕድሩ ውስጥ እምነቴን የሚነካ ነገር ሲመጣ እምቢ ብዬ አውቃለሁ» አለች። «ማንም አልተቀየመኝም። ግን አንድ ቀን እግዚአብሔርን ጠይቄ አላውቅም።»

ያን ማታ አብረን ጠየቅንላት። እኔ በበኩሌ መቆየት አለባት ባይ ነኝ። የቀበሩላትን ሰዎች ቀብር ትታ የምትሄድበት ቃል መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ልንነሳ ስንል የቤቱ ባለቤት ነህምያ 3ን ገለጠ። ምርኮኞቹ ከባቢሎን ተመልሰው የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያድሱ ማን ከማን አጠገብ እንደሠራ በስም ተዘርዝሯል። ቁጥር 7 ላይ ሲደርስ ጣቱን አስቀምጦ ወደ እሷ ገፋላት። የገባዖን ሰዎች ከሌሎቹ ጎን ቆመው ቅጥሩን ይጠግናሉ።