«እንደገና ገብተው ይጥረጉልኝ» ከማለት በፊት

ሰሞኑን ደሴ የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ እንደወረደ ከቁምሳጥኑ ቢጫ ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። የአልትራሳውንድ ውጤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኢንዶሜትሪዮሲስ ተብላ አዲስ አበባ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድን በትንሹ በስቶ በካሜራ እየታየ በሚሠራ ቀዶ ጥገና፣ ተሠርታለች፤ እምብርቷ ሥር የቀረው ጠባሳ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ልጅ ግን አልመጣም። አሁን ደግሞ ሲስቱ፣ ህመሙ ኦቫሪዋ ላይ የሚፈጥረው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ በግራ በኩል ተመልሷል። «እንደገና ገብተው ይጥረጉልኝና ይውጣልኝ» አለችኝ። ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን ጨመሩ።

«አንዴ ከረዳ ሁለተኛውም ይረዳል»

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ለእርግዝና ሊረዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የካናዳ ጥናት ቀለል ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው 341 ሴቶች ታይተው ነበር። ህመሙ ከተነሳላቸው 31 በመቶ ያህሉ፣ ካልተነሳላቸው 18 በመቶ ያህሉ አርግዘው ጽንሳቸው 20 ሳምንት አልፏል።

ሁለተኛው ላይ ግን ዕድሉ ያንሳል። ምክንያቱ ኦቫሪ ነው፤ እንቁላል የሚቀመጥበት ክፍል ማለቴ ነው። በደንብ ያልበሰለ በለስ ልጠሽ ታውቂያለሽ? ልጣጩ ሥጋውን ይዞ ይሄዳል። የሲስቱ ግድግዳም ሲላጥ እንቁላል ያለበትን ጤነኛ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ደም ለማቆም የሚተኮሰውም ይጎዳል። ሴት ደግሞ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ የሄደው አይተካም። ስለዚህ ሁለተኛ ቢላ ከመግባቱ በፊት ኤኤምኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ማየት ግድ ነው። ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ይጠቁማል።

«ተመልሶ ከመጣ መጀመሪያ በደንብ አልሠሩትም»

ሐኪሙን አንውቀስ። የህመሙ ጠባይ ነው። ጥሩ ተሠርቶም በአምስት ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች ከ40 እስከ 50ው ላይ ሊመለስ ይችላል።

«ሲስቱ ሳይወጣ አይቪኤፍ አይሠራም»

ይሠራል። አይቪኤፍ ማለት እንቁላልና የዘር ፈሳሽ ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ነው። ሲስቱን አስቀድሞ ማውጣት የአይቪኤፍን ውጤት እንደሚያሻሽል አልታየም። ቀዶ ጥገናው ትርጉም የሚኖረው ህመሙ አላስቆም አላስቀምጥ ሲል፣ ሲስቱ ሲያጠራጥር ወይም እንቁላል የሚያወጣውን መርፌ መንገድ ሲዘጋ ነው። እንቁላል ከኦቫሪ ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ ውሃ ከቋጠረ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ከአይቪኤፍ በፊት ማስወገድ ይጠቅማል። የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለሁለተኛ ቀዶ ጥገናም ወደዚያው ልትሄጂ አልነበር?

«ክኒኑ ያጠራውና አረግዛለሁ»

ለዚህ ህመም የሚሰጠው የሆርሞን ክኒን ሥቃዩን ያስታግሳል። በሚወሰድበት ጊዜ ግን እርግዝናን ይከለክላል፤ ዕድልም አይጨምርም።

«ችግሩ እሷ ጋ ነው»

ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እሷ ሰመመን ተወግታ ሆዷ ተበስቷል። ባሏ ግን እስከ ዛሬ አንዲት የዘር ፈሳሽ ምርመራ አላደረገም! ምርመራው አያምም፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። የእሱ ውጤት ሳይታይ እሷን ደግሞ ማስቀደድ ግፍ ነው።

«ጠበሉን ትተሽ ሆስፒታል፣ ወይ ሆስፒታሉን ትተሽ ጠበል»

ማን አማርጡ አለን? ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ቀጠሮው ብቻ አይለፍ፤ በተለይ ዕድሜ ከ35 ሲያልፍ ጊዜ ዋጋ አለው።

በረካው ሲቀዳ ለሐኪሙ የምታቀርበውን ጥያቄ በፖስታው ጀርባ ጻፍን። ኤኤምኤቼ ስንት ነው? ቱቦዬ ውሃ ቋጥሯል ወይ? ሦስተኛውን እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ራሷ ጻፈችው፦ «የባለቤቴስ ምርመራ መቼ ነው?»