ዩኒቨርሲቲ መግባትና ተመርቆ መውጣት፦ ፍትሐዊነትና የተማሪዎች ድጋፍ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

የከፍተኛ ትምህርት ፍትሐዊነት ጥናት ሁለት ነገር ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ማን ነው? ከገቡትስ መካከል እስከ ምርቃት የሚደርሰው ማን ነው? በእኛ አገር ብዙ የተወራውም ብዙ የተሠራውም በመጀመሪያው ላይ ነው። ለእኔ ግን የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ የነገሩ ማዕከል ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ተቋም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ወደየአካባቢው ማስፋፋቱ እስከ ዛሬ ከተወሰዱት የፍትሐዊነት እርምጃዎች ትልቁ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ምደባው ግን ከማዕከል ስለሚሰጥ የመንዝ ልጅ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርድ የሚባል ነገር በቅጡ የማያውቅ የቆላ ልጅ ሊመደብበት ይችላል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ አያድርስ ነው። ጃኬትና ወፍራም ብርድ ልብስ መግዣ የሌለው ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ ጠዋት ክላስ ይገባል። ይህም የተማሪዎች ድጋፍ ጉዳይ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ግን ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ብዙ ጊዜ የወረዳ ከተማ ላይ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። ቅዳሜና እሑድ በእግሩ ቤቱ ሄዶ ዱቄት፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ካለቀ ትምህርቱም ይቆማል። ሴቷ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል፤ ብቻዋን ተከራይታ መኖሯ ወላጆቿን ያሰጋቸዋል፣ ስጋቱ ሲበዛም «ይቅርባት» ይባላል።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። አጣዬ በተደጋጋሚ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፣ ደብረ ብርሃንም በተፈናቃዮች ተጨናነቀች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቆም ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃ መቆሙ ተገቢ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ አስተማሪና ላብራቶሪ ያገኘውም በአንድ ወረቀት ተለክተዋል። የ50 በመቶውን መስመር ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ላመጡት በ2015 ዓ.ም. ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ተጀመረ፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጥቂት ወራት ከተማረ በኋላ እንደገና ይፈተናል፣ ካለፈ ይቀጥላል። ብዙ የገጠር ልጆችን ያተረፈ መንገድ ነው።

ሕጉ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። ቀድሞ አዋጅ 650/2001 ነበር፣ አሁን በአዋጅ 1152/2011 ተተክቷል። የወጪ መጋራቱ፣ ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለው፣ በ1996 ዓ.ም. መጣ። የምግብና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪም ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ላይ ይመዘገብና ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። አሠራሩ በመርህ ደረጃ ጥሩ ነው። ገንዘብ የለህም ተብሎ ከበር የሚመለስ የለም።

ችግሩ ሕጉ የማይነካው ትንንሽ ወጪ ላይ ነው። የሃንድአውት ኮፒ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የትራንስፖርት፣ የኢንተርኔት ካርድ። የካፌው ምግብ አልስማማ ሲል ኖን ካፌ መሆን፣ ማለትም ከግቢው ካፌ ወጥቶ ውጭ መመገብ፣ የሚችለው ከቤት ገንዘብ የሚላክለት ነው። ላፕቶፕ የሌለው ጓደኞቹ ሲተኙ የእነሱን ለምኖ አሳይመንቱን ሌሊት ይሠራል። በግቢዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፣ የምክር አገልግሎት አለ፣ ለሴቶች ቲቶሪያል ይሰጣል፣ ለችግረኛ ተማሪዎችም አልፎ አልፎ ድጎማ ይገኛል። ዐይነ ስውር ተማሪ ግን ብሬል መጽሐፍ ሲያጣ የሚያነብለት የዶርም ጓደኛው ነው። የአንበሳውን ድርሻ የሚይዘው ድጋፍ ይሄ ነው፤ ከጓደኛ፣ ከሲኒየር፣ ከአገር ልጅ፣ ከግቢ ጉባኤና ከጀማዓ (ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም ተማሪዎች ማኅበራት) የሚመጣው። በየትኛውም በጀት ላይ ስለማይጻፍ በሪፖርት ውስጥ አይታይም።

ጥናቱም እዚህ ላይ ነው የሚጎድለው። አጥኚው መጠይቁን ይዞ ክላስ ይገባል፣ የተቀመጡትን ይጠይቃል፣ መልሱን ይደምራል። ያቋረጡት ግን ክላስ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የድጋፍ ማነስ በጣም የጎዳቸው ልጆች ድምፅ ሳይሰማ «አብዛኛው ተማሪ በአገልግሎቱ መካከለኛ እርካታ አለው» የሚል ድምዳሜ ይወጣል። «ሴት ተማሪዎች» የሚለው ድምርም ያሳስታል። የደብረ ብርሃን ከተማ ነጋዴ ልጅና ከጊሼ ራቤል ገጠር የመጣች፣ ከቤተሰቧ የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ መስመር ይቆጠራሉ፣ የሁለቱ ኑሮ ግን ለየቅል ነው።

ሬጅስትራር ያቋረጡትን በስም፣ በትምህርት ክፍልና በመጡበት ወረዳ ያውቃቸዋል። ስልካቸውም አለ። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) የሞሉትን ደውሎ ወይም ቀበሌያቸው ድረስ ሄዶ ምን እንዳስወጣቸው፣ በዚያ ሰሞን ምን ቢያገኙ ይቆዩ እንደነበር መጠየቅ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ለማስተርስ ርዕስ የሚፈልግ የደብረ ብርሃን ተማሪ እዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮም ውጤቱን ሼልፍ ላይ ሳይሆን የቀጣዩ ዓመት የድጎማ ዝርዝር ላይ ቢያውለው።